ዜማው ቀርቷል፤ መደብሩን ማን ወሰደው?

አሜሪካ ያደገ፣ ዕድሜው ከአርባ እስከ ሃምሳ አምስት የሚሆን ሰው ካገኛችሁ የቶይስ አር አስን የማስታወቂያ ዜማ ጀምሩለት። ማደግ አልፈልግም የሚለውን። እሱ ይጨርስላችኋል። ቃሉ ብቻ አይደለም ትዝ የሚለው። ማስታወቂያው ላይ ይጨፍሩ የነበሩትን ልጆች፣ ጄፍሪ የሚባለውን ቀጭኔ፣ ሱቁ ውስጥ እስከ ጣሪያ የተደረደሩትን ብስክሌቶች ሁሉ ይነግራችኋል። ያ የመጫወቻ መደብር አሜሪካ ውስጥ የቀሩትን የመጨረሻ ሱቆቹን የዘጋው በጁን 2018 ማብቂያ ላይ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የድሮ መደብሮች የማስታወቂያ ዜማ ናፍቆት በሰሜን አሜሪካ እየበረታ ነው። መደብሮቹ ተራ በተራ እያለቁ ስለሆነ ነው። ኬማርት በዋናው የአሜሪካ ምድር የቀረውን የመጨረሻ ትልቅ ሱቁን፣ ኒውዮርክ ግዛት ብሪጅሃምፕተን የነበረውን፣ በኦክቶበር 2024 ዘጋ። ካናዳ ውስጥ ከ1670 ጀምሮ የኖረው ሃድሰንስ ቤይ በጁን 1 ቀን 2025 የመጨረሻ ሱቆቹን ቆለፈ። አንድ መደብር በተዘጋ ቁጥር የድሮ ማስታወቂያዎቹ ከቪዲዮ ካሴት እየተገለበጡ ይወጣሉ። ሰው ይሰማል፣ ለልጁ ያሰማል፣ ሆዱ ይባባል።

ይሄን ናፍቆት የሰነፍ ትዝታ ነው ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ አላጣጥለውም። የሰላሳ ሰከንድ ዜማ ሰምቶ ሆዱ የሚባባ ሰው ያስታወሰው የካልሲ ዋጋ አይደለም። ቅዳሜን ነው። እናቱን ነው። ደመወዝ ወጥቶ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ መኪና የሄደበትን ቀን ነው። የማልስማማው በሌላ ነገር ነው። ይሄ ናፍቆት መደብሩ ለምን እንደተዘጋ አይጠይቅም። «ጊዜው አለፈበት» ይላል፣ ያዝናል፣ ያልፋል። ብዙዎቹ መደብሮች ግን ጊዜ ብቻውን አልዘጋቸውም።

መሃሉ ባዶ የሆነ ዜማ

መጀመሪያ ዜማው እንዴት ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። ካላወቅነው ለምን ይሄን ያህል ዕድሜ እንዳገኘ አይገባንም።

በ1926፣ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ አራት ወንዶች በሬዲዮ ስለ ዊቲስ የቁርስ ምግብ ዘፈኑ። ብዙ የማስታወቂያ ታሪክ ጸሐፊዎች የተዘፈነ የሬዲዮ ማስታወቂያ የጀመረው ያን ቀን ነው ይላሉ። በ1929 ኩባንያው ምግቡ አልሸጥ ብሎት ሊያቆመው ሲያስብ ሒሳቡ ተገላብጦ ታየ። ከተሸጠው 53,000 ካርቶን ውስጥ 30,000 ያህሉ የተሸጠው ዜማው በሚሰማበት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ነበር። ስለዚህ ምግቡን ከማቆም ዜማውን ወደ ሌላው አገር ማሰማት ተመረጠ። ዊቲስ እስከ ዛሬ ይሸጣል።

የመደብር ማስታወቂያ ግን ከምግብ ማስታወቂያ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። ቁርስ የሚሸጥ ሰው ስሙ ከታወሰለት ይበቃዋል። መደብር በየሳምንቱ አዲስ ወሬ አለው። ዛሬ ፎጣ ቀንሷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ከዚያ ካፖርት። ለእያንዳንዱ ሳምንት አዲስ ዘፈን ማሠራት አይቻልም። ገንዘቡም ጊዜውም የለም።

የተገኘው መፍትሔ ጥሩ ብልሃት ነበር። የዜማው መጀመሪያና መጨረሻ ይዘፈናል። መሃሉ ሙዚቃ ብቻ ሆኖ ክፍት ይቀራል። አስተዋዋቂው በዚያ ክፍት ቦታ የሳምንቱን ዋጋ ያነባል። ባለሙያዎቹ ይሄን ቅርጽ ዶናት ይሉታል። በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የተቀዳ ዜማ ለዓመታት ያገለግላል። ዋጋው ይለወጣል፣ ዕቃው ይለወጣል፣ ዜማው አይለወጥም።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው። ልጁ በስድስት ዓመቱ የትምህርት ቤት ጫማ ሲገዛለት ያንኑ ዜማ ሰማ። በአሥር ዓመቱ ለገና ሰማው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ ሲሄድም ያው ዜማ ነበር። ቤት ቀይረው፣ ወላጆቹ ተፋተው፣ አያቱ አርፈው፣ ዜማው እዚያው ነበር። በልጅነት ውስጥ ይሄን ያህል ሳይለወጥ የሚቆይ ነገር ብዙ አይደለም።

የሠሩትም ተራ ሰዎች አልነበሩም። ባሪ ማኒሎው በዘፋኝነት ከመግነኑ በፊት የማስታወቂያ ዜማ ይደርስ ነበር፤ የስቴት ፋርም ኢንሹራንስ ዜማ የእሱ ነው። የቶይስ አር አስ ዜማ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ከጄ ዋልተር ቶምፕሰን የማስታወቂያ ድርጅት ነው። ከዜማው ጋር ስማቸው የሚነሳው ሊንዳ ካፕላን ታለርና ጄምስ ፓተርሰን ናቸው። ፓተርሰን በኋላ በልብ ወለድ ደራሲነት በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆነ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስም፣ ስሜትና ቦታ ማስገባት ትልቅ ሙያ ነው። እንደዚያ ቢታይ ደስ ይለኛል።

ለምን ከጆሮ አይወጣም?

የእንግሊዙ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። 3,000 ያህል ሰዎችን ሳያስቡት ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚደጋገምባቸው ዘፈን የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ የተጠቀሱትን ዘፈኖች ካልተጠቀሱት ጋር አነጻጸሩ። ጆሮ ላይ የሚቀሩት ፈጠን ያሉ ናቸው። የዜማቸው አወጣጥና አወራረድ ከሕፃናት መዝሙር ጋር ይመሳሰላል፤ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ግን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ያልተጠበቀ ዝላይ ወይም ድግግሞሽ አላቸው። በጣም የተለመደ፣ ትንሽ ደግሞ ያልተለመደ።

የማስታወቂያ ዜማ ሠሪዎች ይሄን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። የሚሠሩት ለሥራ የሚጣደፍ አባትም፣ ምንጣፍ ላይ የሚጫወት ሕፃንም አንዴ ሰምተው የሚይዙትን ነገር ነው።

በዚህ ላይ ዕድሜ አለ። ስለ ትዝታ የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው እንዳዩት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነውን ነው። ዛሬ ናፍቆቱን የሚያሰሙት ሰዎች በዚያ ዕድሜ ላይ የነበሩት በ1970ዎቹ፣ በ80ዎቹና በ90ዎቹ ነው። ዜማዎቹ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የማይጠፉበት ዘመን ነበር። ሪሞት እንኳ ያልነበረው ቤት ብዙ ነው። ማስታወቂያውን መዝለል አይቻልም፤ ተቀምጦ መስማት ነው።

ከዚያ ዜማው መጥፋት ጀመረ። የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅቶች ማኅበር በ1998 ከተመለከታቸው 1,279 አገር አቀፍ ማስታወቂያዎች ውስጥ 153ቱ የራሳቸው ዜማ ነበራቸው። በ2011 ከ306 ማስታወቂያዎች ውስጥ 8 ብቻ ቀሩ። ኩባንያዎቹ አዲስ ዜማ ከማሠራት ይልቅ የታወቀ ዘፈን መከራየት መረጡ። ፔፕሲ በ1984 ማይክል ጃክሰንን ይዞ መጣ። ናይኪ በ1987 የቢትልስን ዘፈን ለጫማ ማስታወቂያ ተጠቀመ። የታወቀ ዘፈን ሰው ቀድሞ ይወደዋል፤ ማስተማር አያስፈልገውም። ግን የመደብሩ አይሆንም። ኪራዩ ሲያልቅ ይመለሳል።

የከተማው የነበረው መደብር

የዜማው ፋሽን ማለፉ አንድ ነገር ነው። ዜማው የሚጠራው ስም መጥፋቱ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል።

የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች ለረጅም ጊዜ የየከተማቸው ነበሩ። ቺካጎ ማርሻል ፊልድስ ነበራት። ቦስተን ፋይሊንስ። ፒትስበርግ ካውፍማንስ። ሂውስተን ፎሊስ። ዋሽንግተን ሄክትስ እና ዉድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ፤ ሰው ሲያቆላምጠው ዉዲስ የሚለው። ማስታወቂያቸው የሚተላለፈው በዚያው ከተማ ሬዲዮ ነው። ስለዚህ የአንዱን ከተማ ዜማ የሌላው ከተማ ሰው አያውቀውም። አንድ ዜማ የምታውቁ ከሆነ የአንድ አገር ልጆች ናችሁ።

በ1980ዎቹ ዋሽንግተን የገቡ ኢትዮጵያውያን ሄክትስንና ዉዲስን ያውቋቸዋል። ከእነሱ መካከል የመጀመሪያ ካፖርቱን ከዚያ የገዛ፣ ወይም እዚያው ተቀጥሮ የሠራ አይጠፋም። ዉዲስ በ1995 ተዘጋ። ሄክትስ ደግሞ በ2006 ስሙ ተቀየረ። ፌደሬትድ የሚባለው ኩባንያ በ2005 ሜይ የሚባለውን ተፎካካሪውን ገዝቶ፣ በሴፕቴምበር 2006 አራት መቶ ያህል ሱቆችን በአንድ ጊዜ ሜሲስ ብሎ ሰየማቸው። ማርሻል ፊልድስ፣ ፋይሊንስ፣ ካውፍማንስ፣ ፎሊስ፣ ሄክትስ፣ ሁሉም በአንድ ወር። ቺካጎ ውስጥ ሰዎች ስቴት ጎዳና ላይ ወጥተው ተቃወሙ።

ምክንያቱ ወጪ ነው። አንድ ስም ካለህ አንድ ማስታወቂያ ለመላው አገር ይበቃሃል። አንድ የዕቃ ግዢ ቢሮ፣ አንድ ዓይነት የዕቃ መያዣ ቦርሳ፣ አንድ የደንበኛ ካርድ። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ግን አራት መቶ ሱቅ በአንድ ቀን ስም ሲቀይር የየከተማው ሬዲዮ ላይ የነበረው ዜማ የሚጠራው ስም አጣ። ዜማው አርጅቶ አልሞተም። ስሙ ተወሰደበት።

የእኔን ሐሳብ የሚያጠናክር አንድ ሕያው ምሳሌ አለ። ሜናርድስ የሚባል የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ መደብር አለ። ዋና ቢሮው ዊስኮንሰን ግዛት፣ ኦ ክሌር ከተማ ነው። ባለቤትነቱ የቤተሰብ ነው፤ ገበያውም የመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች ናቸው። በባንጆ የሚጫወተው የማስታወቂያ ዜማው ዛሬም አለ። የዚያ አካባቢ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። መደብሩ ከአካባቢው አልወጣም፤ ዜማውም አልወጣም።

የቶይስ አር አስ ዕዳ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ቶይስ አር አስ ሲወራ «አማዞን ገደለው» ይባላል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል።

መሥራቹ ቻርልስ ላዛረስ ነው። በ1948 ዋሽንግተን ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ 18ኛው ጎዳና ላይ የሕፃናት አልጋ መሸጥ ጀመረ። ጦርነቱ አልቆ ወታደሮቹ እያገቡ ነበር፤ ልጅ ይወለዳል፣ አልጋ ያስፈልጋል። ከዚያ ደንበኞቹ መጫወቻ ጠየቁት። አልጋ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ መጫወቻ ግን ይሰበራል፣ ይሰለቻል፣ ደግሞ ይገዛል። ንግዱን ወደዚያ አዞረው። ያ 18ኛው ጎዳና በኋላ በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ነው። ብዙዎቻችን እንጀራ የበላንበት ሰፈር የዚያ ሁሉ ትዝታ መነሻ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

በ2005 ኬኬአር፣ ቤይን ካፒታል እና ቮርኔዶ የሚባሉ ሦስት ባለሀብት ድርጅቶች ኩባንያውን በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። ከራሳቸው ያወጡት 1.3 ቢሊዮን ያህል ነው። የቀረው ብድር ነው። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ብድሩን የሚከፍሉት ገዢዎቹ አይደሉም፤ የተገዛው ኩባንያ ነው። መደብሩ እሱን ራሱን ለመግዛት የተወሰደውን ዕዳ ይሸከማል። አንድ ሰው ቤታችሁን በብድር ገዝቶ ዕዳውን እናንተው ላይ እንደመጻፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ቶይስ አር አስ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት። ለወለድ ብቻ በዓመት 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይከፍል ነበር። በዚያ ገንዘብ ሱቆቹን ማደስ ይቻል ነበር። የኢንተርኔት ሽያጩን ማስተካከል ይቻል ነበር። የሠራተኛ ደመወዝ መጨመር ይቻል ነበር። ዋልማርትና አማዞን እየተጫኑት ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ግን እጁ ታስሮ ነው የተፋለማቸው። ደግሞ ገበያ አላጣም። በ2016 ዓመታዊ ሽያጩ ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በሴፕቴምበር 2017 ኪሳራ አወጀ። በማርች 2018 የአሜሪካ ሱቆቹን በሙሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ላዛረስ በ94 ዓመቱ አረፈ።

ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ሥራ አጡ። መጀመሪያ የስንብት ክፍያ የላችሁም ተባሉ። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩ ነበሩበት። ተደራጁ፣ ሰልፍ ወጡ፣ የባለሀብቶቹ ቢሮ ድረስ ሄዱ። በመጨረሻ በኖቬምበር 2018 ኬኬአርና ቤይን 20 ሚሊዮን ዶላር መደቡላቸው። ለ30,000 ሰው አካፍሉት። ለአንድ ሰው ሰባት መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም።

ይሄን የምነግራችሁ ናፍቆቱን ላበላሽ አይደለም። ዜማውን የምትወዱ ከሆነ ያን ዜማ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ እየሰሙ ዕቃ የደረደሩትን ሰዎች አስቡ። የእነሱ ስም በናፍቆቱ ውስጥ የለም። ቀጭኔው አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ብስክሌቱ አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ የለችም። ማታ በር ቆልፎ የሚሄደው ሰው የለም።

ናፍቆት የሚሸጥበት ገበያ

መደብር ሲዘጋ የሚቀረው ንብረት ይሸጣል። መደርደሪያው፣ መብራቱ፣ ጋሪው። ከሁሉ በላይ ውድ ሆኖ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ ነው። ቶይስ አር አስ የሚለው ስም ወደ አበዳሪዎቹ ሄደ። በ2019 ትሩ ኪድስ በሚባል ኩባንያ ሥር ወጣ። ሁለት ሱቅ ከፍተው ነበር፣ በጃንዋሪ 2021 ተዘጉ። በዚያው ዓመት ደብሊው ኤች ፒ ግሎባል የሚባል ስሞችን የሚገዛ ድርጅት ያዘው። በ2022 ሜሲስ መደብሮች ውስጥ የቶይስ አር አስ ጥግ ተከፈተ። ሄክትስንና ማርሻል ፊልድስን ስማቸውን የወሰደባቸው ሜሲስ ማለት ነው።

ካናዳም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ዜለርስ በ1931 የተመሠረተ የርካሽ ዕቃ መደብር ነው። ትንሹ ዋጋ ሕጋችን ነው የሚለውን መፈክሩን የማያውቅ የዚያ ዘመን ካናዳዊ ያለ አይመስለኝም። ባለቤቱ ሃድሰንስ ቤይ በ2011 የሱቆቹን የኪራይ ውል ለአሜሪካው ታርጌት በ1.825 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ሸጠው። ታርጌት በ2013 ከፈተ፣ በ2015 ሁሉንም 133 ሱቆች ዘግቶ ወጣ። ከ17,000 በላይ ሠራተኛ ተበተነ። በ2023 ሃድሰንስ ቤይ ዜለርስን በናፍቆት ስም መልሶ በራሱ ሱቆች ውስጥ ከፈተው። ሰው ተሰልፎ ገባ። ያ ግን ባለቤቱን አላዳነውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሃድሰንስ ቤይ ራሱ የለም። ስሙንና የታወቁትን ባለ ቀለም መስመሮቹን ካናዲያን ታየር የሚባል ሌላ የካናዳ መደብር በ30 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገዛቸው።

የተመለሰው ስም ነው። የድሮው ሠራተኛ፣ የድሮው ዋጋ፣ የድሮው ሰፈር አልተመለሱም። ስሙን የገዛው ሰው የከፈለው ለእኛ ትዝታ ነው። ትዝታችን ዋጋ እንዳለው እሱ ያውቃል። እኛም ብናውቅ ጥሩ ነው።

ዜማው ያልሞተበት አገር

ጃፓን ውስጥ ታሪኩ ሌላ ነው። ዶን ኪሆቴ የሚባለው የርካሽ ዕቃ መደብር ዜማ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ይሰማል። የደረሰችውም የዘፈነችውም ማይሚ ታናካ የምትባል የመደብሩ ሠራተኛ ናት። መደብሩ በ2017 ሲንጋፖር ሲገባ ዜማውም አብሮ ገባ። ዮዶባሺ ካሜራ ደግሞ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመንን መዝሙር ዜማ ወስዶ የራሱን ግጥም አኑሮበታል። ግጥሙ የቶኪዮን ባቡር መስመሮች ይነግርሃል። ክብ የሚዞረውን አረንጓዴ የያማኖቴ መስመር፣ መሃል የሚያልፈውን ቹዎ፣ ከዚያ የሺንጁኩ ጣቢያን ምዕራብ በር። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ዜማውን ከያዘ ሱቁን ያገኘዋል።

እነዚህ ትልልቅ ሰንሰለቶች ናቸው፤ የአንድ ከተማ ብቻ አይደሉም። ስለዚህ መደብሩ የአካባቢው ካልሆነ ዜማው ይሞታል ብዬ ደምድሜ መናገር አልችልም። ግን ሰው አሁንም በእግሩና በባቡር እየሄደ ይገባባቸዋል። ዜማው የሚሰማው ሱቁ ውስጥ ነው፣ በአካል ለመጣ ሰው። ስልክ ላይ ማስታወቂያ የሚዘልለው ጣት እዚያ አይሠራም።

ካሴቱን ማን ያስቀምጠዋል?

በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የምወደው ታሪክ የኬማርት ካሴቶች ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ90ዎቹ መጀመሪያ ኢሊኖይ ግዛት ኔፐርቪል ከተማ ኬማርት ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃና ማስታወቂያ ከዋናው ቢሮ በካሴት ይመጣል። መጀመሪያ በየወሩ፣ በኋላ በየሳምንቱ። ጊዜው ያለፈበት ካሴት ይጣላል። ልጁ ከመጣል አዳነው። በ2015 ሁሉንም ገልብጦ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባል የድሮ ቅጂዎችን በሚያስቀምጥ ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ አወጣቸው። ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከሩ የኖሩ ስለሆነ ድምፃቸው ያረጀ ነው። ግን አሉ። ኩባንያው ያላስቀመጠውን ታሪክ ያስቀመጠው ሠራተኛው ነው።

እኛ አገር ሰንሰለት መደብር በዚያ መልኩ አልነበረንም። የሰፈራችን ዜማ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ነበር፣ «ቁራሌው!» ነበር። በኋላ ግን በራዲዮና በኢቲቪ የሳሙናው፣ የዘይቱ፣ የቢራው ዘፈን መጣ። አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው ከዜናው በፊት የሚመጣውን ማስታወቂያ ከነዜማው ያውቀዋል። ዲያስፖራ ሆኖ ሠላሳ ዓመት የቆየ ሰው እንኳ አንዱን ብታስጀምሩት ይቀጥላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ። ሕጉን እደግፈዋለሁ፤ ልጆች በቢራ ዘፈን እንዲያድጉ አልፈልግም። ግን ለዓመታት የአገሪቱ ታዋቂ ድምፃውያንና አቀናባሪዎች የሠሩበት አንድ ሙሉ የሙዚቃ ክምችት በአንድ ጊዜ ከአየር ወረደ። ከአየር መውረድና ከመዝገብ መጥፋት አንድ አይደሉም። ያ ክምችት በሥርዓት መቀመጥ አለበት። የሳሙናውም፣ የጫማውም፣ የሎተሪውም እንደዚሁ። ቋንቋችን ገበያ ውስጥ እንዴት ይናገር እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ብዙ የለንም። ወመዘክር መጽሐፍና ጋዜጣ እንደሚሰበስብ ማስታወቂያም ይሰብስብ።

መንግሥትን መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የማግኔት ቴፕ ዕድሜ አጭር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል። ስቱዲዮ የነበራችሁ፣ ሬዲዮ ጣቢያ የሠራችሁ፣ ማስታወቂያ ያነበባችሁ፣ ቪዲዮ ቤት የነበራችሁ ሰዎች ቤታችሁ ያለውን ካርቶን ክፈቱ። ከዜናና ከድራማ ቅጂ መሃል ማስታወቂያ ካገኛችሁ ቆርጣችሁ አትጣሉት፤ አብሮ ይገልበጥ። ስትገለብጡ ደግሞ ዓመቱን፣ የምርቱን ስም፣ ግጥሙን የጻፈውን፣ ዜማውን የደረሰውን፣ ያነበበውንና የዘፈነውን ሰው ስም አብራችሁ ጻፉ። ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ዛሬ ስልክ ተደውሎላቸው ሊጠየቁ ይችላሉ።